ልጄ ያሳየኝ ጃፓን

(ባለፈው እሑድ ከዕድሩ ስብሰባ በኋላ በሠፈራችን ማኅበር አዳራሽ የተደረገ ንግግር። መምጣት ላልቻሉ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



በመጀመሪያ ይህን ዕድል ለሰጠኝ ለማኅበራችን ኮሚቴ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከነቤተሰቤ ጃፓን ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ በየመንገዱ እያቆመኝ «እስቲ ንገረን» ሲለኝ ሰንብቷል። ለአንዱ ስነግር ሌላው እየቀረበት ስለተቸገርኩ፣ ሊቀ መንበራችን «ለምን ለሁላችንም ባንድ ጊዜ አትነግረንም?» ባሉኝ መሠረት ይኸው ከፊታችሁ ቆሜአለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ብዙዎቻችሁ በሆዳችሁ ይዛችሁ በአፋችሁ ያልጠየቃችሁኝን ልመልስ። «አስተማሪ በምን ገንዘቡ ነው ጃፓን የሚሄደው?» እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እል ነበር። ታላቋ ልጄ በጃፓን መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ቶኪዮ ትማራለች። የአውሮፕላኑን ግማሽ እሷ ከኪሷ ቆጥባ ላከች፤ ግማሹን እኔና ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ የጣልነው ዕቁብ ሸፈነው። ማደሪያችን እሷ የተከራየችው ቤት ወለል ነበር። ስለዚህ በሆቴል ተንደላቅቀው መጡ እንዳትሉን።

የሄድነው በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። በአየር መንገዳችን አውሮፕላን በሴኡል በኩል አድርገን ናሪታ ወረድን። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። እኛ እዚያ በነበርንበት ሳምንት ኢሴሳኪ በምትባል ከተማ ሙቀቱ 41.8 ዲግሪ ደረሰ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በአገሩ ይህን ያህል ተመዝግቦ አያውቅም። ባለቤቴ «ጋቢ ያዝ ያልከኝ ለዚህ ነው?» እያለች እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የምነግራችሁ ስለ ከተሞቹ ብቻ ሳይሆን ስለ ልጄም ነው። ልናገር ወይ ብዬ ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ።

ታናሹ ልጄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የጃፓን ሥዕል ታሪክ ሲያነብና ሲያይ ይውላል። በወረቀት ያለውን «ማንጋ»፣ የሚንቀሳቀሰውን «አኒሜ» ይሉታል። እኔ ግን «ካርቱን» ነበር የምለው፤ ስለውም በንቀት ነው። ከጉዞው ሦስት ወር በፊት የሒሳብ ውጤቱ ሲያሽቆለቁል ቦርሳውን ፈተሽኩና አንድ ሙሉ ደብተር ሥዕል አገኘሁ። እዚያው ፊት ለፊቱ ቀደድኩት። አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ከ«አቤት»ና ከ«እሺ» በስተቀር አንድ ቃል አልነገረኝም። ሦስት ወር ሙሉ ማለት ነው። ጃፓን የሄድነው እንዲህ ተኳርፈን ነበር።

ታላቋ ልጄ ነገሩን ወዲያው ገባት። በመጀመሪያው ምሽት ወረቀት አውጥታ ደንብ አወጣችልን። «አንድ ቀን አባዬ ይመርጣል፣ አንድ ቀን እሱ ይመርጣል። የመረጠው ሰው ለሌላው ያስረዳል። እማዬ ስትፈልግ ሁለታችሁንም ትሽራለች» አለች። በዚሁ ተስማማን። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት የጃፓኑን ታሪክ ስናገር በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ቀን የእኔ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቶኪዮ ሲባል የማስበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አበበ ቢቂላን። አባቴ በ1964 የተደረገውን የቶኪዮ ማራቶን ውጤት በሬዲዮ እንደ ሰማ ስንት ጊዜ አጫውቶኛል! አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፎ፣ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። በኦሎምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሯጮቹ ከብሔራዊው ስታዲየም ተነሥተው፣ ኮሹ ካይዶ በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ወጥተው፣ ቾፉ ከምትባለው ከተማ ደርሰው ነው የተመለሱት። እዚያ መመለሻው ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። በባቡር ሄደን አገኘነው። ዙሪያው ሱቅና መኪና የሚተራመስበት ተራ መንገድ ነው። እኔ ግን ድንጋዩን ነካሁት።

ፎቶግራፍ ስንነሣ አንድ ሽማግሌ ከብስክሌታቸው ወርደው ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ልጄ ስትነግራቸው «አቤቤ!» ብለው ጮኹ። የዚያን ጊዜ ተማሪ ሆነው መንገድ ዳር ቆመው አይተውታል። እዚያው ጎንበስ ቀና እያሉ አበበ ከገባ በኋላ በሜዳው ላይ የሠራውን ስፖርት አሳዩን። ቀጥለው ግን ስለ ሌላ ሰው ነገሩን። ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ወደ ስታዲየሙ የገባው ሁለተኛ ሆኖ ነበር። በገዛ ወገኖቹ ፊት እንግሊዛዊው ሂትሊ ቀደመውና ሦስተኛ ወጣ። ለአገሩ የነሐስ ሜዳሊያ አመጣ፤ እሱ ግን እንደ ዕዳ ቆጠረው። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ እክሳለሁ እያለ ሲደክም ሰውነቱ ተጎዳ። በ1968 መጀመሪያ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

እኔ ማን አንደኛ እንደወጣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራ ኖሬአለሁ። ሦስተኛው ማን እንደነበረ ግን ጠይቄ አላውቅም። ወደ ባቡር ጣቢያው ስንመለስ ልጄ ከኋላዬ «አባዬ፣ ሦስተኛ መውጣት ጥፋት ነው እንዴ?» አለኝ። ከሦስት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። ምን ልመልስለት? ዝም አልኩ።

ስመለስም ቅጣቴን አገኘሁ። ሺንጁኩ የሚባለው ጣቢያ በቀን ከ3 ሚሊዮን ሕዝብ በላይ ይተላለፍበታል፤ መውጫዎቹ ከ200 በላይ ናቸው። እኔ በሐሳብ ተውጬ ስሄድ ቀና ብል ቤተሰቤ የለም! ከአንዱ በር ወጥቼ በሌላው ስገባ አንድ ሰዓት ያህል ተንከራተትኩ። በመጨረሻ «ኮባን» ከሚሉት ትንሽ የፖሊስ ጎጆ ገባሁና ልጄ አድራሻዋን የጻፈችበትን ወረቀት አሳየሁ። ወንበር ሰጡኝ፣ ውኃ ሰጡኝ። ትንሽ ቆይቶ ታናሹ ልጄ እየሮጠ ገባና ለፖሊሱ በጃፓንኛ ተናገረ። ፖሊሱ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ለካ ልጄ የለቀመው ጃፓንኛ የካርቱን ጀግኖች ጠላታቸውን ሲፎክሩበት የሚናገሩት ኖሯል! ይሁን እንጂ ተግባቡ። አባቱን ከፖሊስ ጣቢያ ፈርሞ ያወጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሠፈራችን ሌላ ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ ተራው የእሱ ነበርና አኪሃባራ ወሰደን። መርካቶን ለምታውቁ በቀላሉ ላስረዳችሁ እችላለሁ። ከጦርነቱ በኋላ የሬዲዮ ዕቃ ቸርቻሪዎች የተሰበሰቡበት ተራ ነበር። ከባቡሩ ሐዲድ ሥር ዛሬም እንደ ምናለሽ ተራ ያሉ ጠባብ ሱቆች አሉ፤ ሽቦ፣ አምፑል፣ ብሎን ለየብቻ ይሸጣሉ። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ኮምፒዩተር አለና፣ ኮምፒዩተር የሚወዱት ወጣቶች ማንጋም ስለሚወዱ ገበያው ተከተላቸው። ዛሬ ስምንትና ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ከታች እስከ ላይ የሥዕል መጽሐፍና አሻንጉሊት ብቻ ሞልቶበት ታያላችሁ።

ልጄ አንድ መጽሐፍ ሲሰጠኝ በለመድኩት በኩል ገለጥኩት፤ መጨረሻው ኖሯል። እነሱ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያነቡት። «ዋን ፒስ» የሚባለውን አሳየኝ። ኤይቺሮ ኦዳ የተባለ ሰው ከ1997 ጀምሮ በየሳምንቱ በሚወጣ መጽሔት ላይ ይሥለዋል፤ ከ100 በላይ ጥራዝ ወጥቶታል፤ ታትሞ የተሠራጨው ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነው። እኔ በሥራ ፈትነት የቆጠርኩት ነገር ስንት ማተሚያ ቤት፣ ስንት ሠዓሊ፣ ስንት ነጋዴ እንደሚያሳድር ያን ጊዜ ገባኝ።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ ሠፈር ጥቂት ልበል፤ የእኛን ማኅበር የሚነካ ነውና። በበጋው ዕረፍት ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሠፈሩ ልጆች ከአነስተኛው መናፈሻ ይሰበሰባሉ። ሬዲዮ ይከፈታል፤ ሬዲዮኑ እየቆጠረ ሁሉም ስፖርት ይሠራል። ይህ ፕሮግራም በ1928 የተጀመረ ነው። የሠፈሩ ማኅበር ሽማግሌዎች በየልጁ ካርድ ላይ ማኅተም ይመቱለታል። እኔም በሦስተኛው ቀን ተሰለፍኩ፤ ማኅተም ግን ከለከሉኝ። የማኅበሩ ማስታወቂያ ደግሞ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ተያይዞ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ያነበበ ይፈርምበትና ለጎረቤቱ ያደርሳል። ስለዚህ ሰሌዳው ጎረቤቱን ቢያንስ በር ያስንኳኳዋል። ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን በየዓይነቱ የተለየ ነው፤ ቁራ እንዳይበትነው መረብ ይጣልበታል። የሚያወጣውም የሚጠርገውም ባለቤቱ ነው። ነገር ግን ገነት ነው አልልም። አከራይዋ እማማ እንዳሉን ወጣቶቹ ወደ ማኅበሩ አይመጡም፤ ሽማግሌ ብቻ ቀርቷል። ይህን ስሰማ የራሳችንን ስብሰባ አስታወስኩ።

በሌላው ተራው ልጄ ከቶኪዮ በስተ ምዕራብ ሚታካ ወደሚገኘው የጂብሊ ሙዚየም መራን። በ2001 የተከፈተ ነው፤ ትኬቱ አስቀድሞ ካልተገዛ አይገባም፤ ውስጡ ፎቶግራፍ ማንሣት ክልክል ነው። ይህ ድርጅት በ1988 ሁለት ፊልሞችን ባንድ ቀን አወጣ። አንደኛው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» የተባለው የልጆች ፊልም ነው። ሁለተኛው «የእሳት ዝንቦች መቃብር» ይባላል፤ በጦርነቱ መጨረሻ ቆቤ ከተማ አካባቢ አንድ ልጅና ታናሽ እኅቱ በረኃብ ሲያልቁ ያሳያል። ማታ ቤት ስንመለስ ልጄ «ይህን ካላየህ አስረድቼሃለሁ አልልም» አለኝ። አየሁት። በ1977 ዓ.ም. የራበውን ሕፃን ዓይን ያየ ሰው ይህን «ሥዕል ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ሲያልቅ ማናችንም መብራት አላበራንም።

ከቶኪዮ በሺንካንሰን ባቡር ወደ ሂሮሺማ ተጓዝን። ይህ ፈጣን ባቡር ሥራ የጀመረው የኦሎምፒኩ ዕለት ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ በጥቅምት 1964 ነው። የሠሩትም ከዓለም ባንክ 80 ሚሊዮን ዶላር ተበድረው ጭምር መሆኑን ስሰማ ገረመኝ። ያኔ እነሱም ተበዳሪ ነበሩ።

ሂሮሺማን የመረጥኩት እኔ ሳልሆን ልጄ ነው። የደረስንበት ቀን ነሐሴ 1፣ የፍልሰታ ጾም መግቢያ፣ ቦምቡ የወደቀበት 80ኛ ዓመት ከታሰበ በማግስቱ ነበር። ከጧቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ፣ ሰው ሥራ ሲገባ፣ አንድ ቦምብ ወደቀ። እስከዚያው ዓመት መጨረሻ 140,000 ያህል ሰው ሞተ። በሙዚየሙ ውስጥ የሦስት ዓመት ሕፃን ይነዳት የነበረች ባለሦስት እግር ብስክሌት አለች። አባትየው ልጁን ከነብስክሌቱ ግቢው ውስጥ ቀበረው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ አውጥቶ ለሙዚየሙ ሰጠ። ባለቤቴ ከዚያ ማለፍ አቃታት።

ልጄ ግን ከክፍል ክፍል እየመራ ያስረዳኝ ነበር። «ከየት አወቅኸው?» ብለው «ከማንጋ» አለኝ። ኬይጂ ናካዛዋ የሚባል ሰው ቦምቡ ሲወድቅ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አባቱን፣ እኅቱንና ወንድሙን አጣ። አድጎ ሠዓሊ ሆነና ያየውን ሁሉ ከ1973 ጀምሮ «ባዶ እግሩ ጌን» በሚል የሥዕል ታሪክ አወጣው። እኔ ታሪክ አስተምራለሁ። ሂሮሺማን በሁለት መስመር ነበር የማልፈው። ልጄ የሚያውቀውን ያህል አላውቅም ነበር። የቀደድኩት ደብተር ትዝ አለኝ።

ከሂሮሺማ ወደ ኪዮቶ ስንመለስ ባለቤቴ ሥልጣኗን ተጠቀመች። እሷ ጾመኛ ናት፤ የጃፓን ሾርባ ደግሞ አትክልት ብቻ ቢመስልም መረቁ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። ሁለት ቀን በሩዝና በፍራፍሬ ቆየች። ኪዮቶ ላይ ግን የቡድሃ መነኮሳት የሚበሉት የጾም ምግብ አለ። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ ዕንቁላል የለ፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ቶፉ ነው ዋናው። ነጭና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ባለቤቴ ቀምሳ «ጾሙስ ጾም ነው፤ ያለ ሽንኩርት ወጥ ግን ቅጣት ነው» አለች። ቢሆንም ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ኦሳካን በአንድ ቀን ሮጥ ሮጥ ብለን ስላየናት ስለ እሷ ብዙ አልልም፤ መብራቷና ጫጫታዋ ፒያሳን በበዓል ዋዜማ ያስመስላታል።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ኪዮቶ ውስጥ ዓለም አቀፍ የማንጋ ሙዚየም አለ። በ2006 የተከፈተ ሲሆን 300,000 ያህል መጽሐፍና ቅርስ ይዟል፤ ከነዚህ 50,000 ያህሉን ማንም ከመደርደሪያ አንሥቶ ያነባል። ሽማግሌውም ሕፃኑም ሜዳው ላይ ተጋድሞ ሲያነብ ታዩታላችሁ። ግን ቤቱ ለሙዚየም የተሠራ አልነበረም። ታጹይኬ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የወለሉ ሳንቃ ሲረገጥ ይንሲያጠጣል፤ የዳይሬክተሩ ክፍልም እንዳለ ነው።

ታሪኩን ልጄ ተርጉማ ነገረችን። በ1869 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ቶኪዮ ሲዛወር ኪዮቶ ባዶዋን ቀረች። የከተማዋ ሰዎች ማልቀስ ትተው በየሠፈራቸው ተደራጁ። በዚያው ዓመት 64 ትምህርት ቤቶች ከፈቱ፤ መንግሥት የትምህርት ሕጉን ያወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1872 ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ? ልጅ ያለውም የሌለውም ምድጃ እስካለው ድረስ ያዋጣ ነበር። «የምድጃ ገንዘብ» ይሉታል። ትምህርት ቤቱ ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን የሠፈሩ መሰብሰቢያም ነበር። እኛ ለቀብር የምናዋጣውን እነሱ ለልጅ አዋጡ ማለት ነው። ዕድርን መናቄ አይደለም፤ ነገ እኔንም የምትቀብሩኝ እናንተ ናችሁ።

ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ካስተማረ በኋላ ታጹይኬ በ1995 ተዘጋ፤ በአካባቢው ልጅ ጠፋ። እነሱ ቤት አላቸው፣ ልጅ አነሳቸው። እኛ ልጅ ሞልቶናል፣ የሚቀመጥበት ግን የለውም፤ መንገድ ላይ ነው የሚውለው፣ ወይም እንደ እኔ ልጅ ከስልኩ ጋር ተዘግቶበት ይቀራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከዚህ አዳራሽ ጎን ያለችው የድንኳንና የድስት ማስቀመጫ ክፍላችን ለሱቅ እንድትከራይ ሐሳብ መቅረቡን ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘቡ ያስፈልገናል፤ ይህን አልክድም። እኔ የምለምነው ከመወሰናችን በፊት አንድ ነገር እንድናስብበት ነው። ድንኳኑ ወደ ግድግዳው ቢጠጋ ለሃያ ልጅ የሚሆን ቦታ ይወጣዋል። ከትምህርት ቤት መልስ ሁለት ሁለት ሰዓት የልጆች ማንበቢያና መሣያ ብናደርጋትስ? በየቤቱ ጥቂት ጥቂት፣ በየምድጃው ብናዋጣ መደርደሪያና አምፑል አያቅተንም። ሁለት ቀን በሳምንት እኔ እቀመጣለሁ። ሒሳብም እዚያው እናስጠናለን። ጉዳዩ በሚመጣው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበት እላለሁ።

በመጨረሻ ስለ ልጄ። ከማንጋው ሙዚየም ሱቅ አንድ ወፍራም የሥዕል ደብተር ገዝቼ ሰጠሁት። «የቀደድኩትን እንደማይተካ አውቃለሁ፤ አጥፍቻለሁ» አልኩት። ተቀበለኝና «እሺ» አለ። የድሮው «እሺ» ግን አልነበረም። አሁንም በሒሳብ እንጨቃጨቃለን፤ ውጤቱ ትንሽ ተሻሽሏል፤ አንደኛ አልወጣም። አንደኛ ውጣም አላልኩትም።

ይህ ንግግር በሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ከጎኑ አንድ ሥዕል ታያላችሁ። የሠፈራችን ቧንቧ፣ ወረፋ የቆሙት እናቶች፣ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊም አሉበት። የእሱ ሥራ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚታየው።